ሄዶ የሚመለሰው ትኩሳት፦ ከመዥገርና ከቅማል የሚመጡ በሽታዎችን እንወቃቸው

 በዚህ የጤና ዓምዳችን ስለ አንድ ትንሽ ፍጥረት እናወራለን። ስለ መዥገር። አገር ቤት ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከላሟ ጡት ሥር፣ ከበሬው ጆሮ ውስጥ መዥገር ነቅሎ ያልጣለ እረኛ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን መዥገር የከብት ጣጣ እንጂ የሰው በሽታ አድርገን አናስበውም። ይሄ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

በየብሎኩ ስንዞር የምንሰማው አንድ ዓይነት ነው። ሰው ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ «ምች ነው» ይባላል። ከዚያ «ወባ ነው» ይባላል። ከዚያ «ታይፎይድ ነው» ይባላል። ባለፈው ጊዜ ከተሰጠው መድኃኒት የተረፈች ክኒን ካለች ትዋጣለች። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይተወዋል፤ «ተመስገን ዳንኩ» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ያው ትኩሳት እንደገና ይጥለዋል። ይሄኔ ነው ነቃ ማለት ያለብን። ሄዶ የሚመለስ ትኩሳት ያልዳነ በሽታ ነው፤ አገር ቤት «ግርሻ» የምንለው ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ትኩሳት ወባ አይደለም

ወባ በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ እሱን መጠርጠር ትክክል ነው። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራም ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ያ ምርመራ የሚያየው ወባን ብቻ መሆኑ ነው። «ወባ የለብህም» ማለት «በሽታ የለብህም» ማለት አይደለም። የግርሻን ጀርም ያ ትንሽ ፕላስቲክ ፈጽሞ አያሳይም። እንዲያውም አንድ ሰው ወባም ግርሻም አንድ ላይ ሊይዘው ስለሚችል፣ ወባ ተገኝቶበት መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ ከተመለሰ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ከመቀመጥ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

የግርሻ ጀርም ቦሬሊያ ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደተጠማዘዘ ቀጭን ክር ነው። የሚገኘው ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጀርሙ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሰውዬው ትኩሳት ላይ እያለ ነው። ትኩሳቱ ሲተወው ጀርሙ ከደም ውስጥ ይጠፋል፣ ወይም በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ «ትንሽ ሲሻለኝ እሄዳለሁ» የሚል ሰው ጀርሙ በተደበቀበት ሰዓት ነው ክሊኒክ የሚደርሰው። መሄድ ያለብን ገላችን እየነደደ እያለ ነው።

ለምን ሄዶ ይመለሳል? ሰውነታችን ጀርሙን ሲለየው ይዋጋውና አብዛኛውን ይገድለዋል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። የተረፉት ጥቂቶች ግን የላይ ልብሳቸውን ይቀይራሉ። ሰውነት አዲሱን ልብስ እስኪያውቀው ድረስ ይራባሉ። አንድ ሰው በሌላ ልብስ ሁለቴ እንደሚያታልል ሌባ ማለት ነው። በመሀል ያለው የጤና ጊዜ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት አካባቢ አይርቅም።

ማታ ነክሶ የሚሰወረው መዥገር

ግርሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በመዥገር፣ ሌላው በቅማል ይተላለፋል።

በምሥራቅ አፍሪካ ግርሻን የሚያስተላልፈው መዥገር ከላም ላይ የምናውቀው ተጣብቆ የሚያብጠው ዓይነት አይደለም። ቆዳው ለስላሳና የተሸበሸበ፣ መልኩ አፈር የመሰለ ነው። የሚኖረው በጭቃ ቤት ወለልና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ቀን ይደበቃል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ወጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ደም ይጠጣና ተመልሶ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ንክሻው ብዙ ጊዜ አያምም፤ የተኛው ሰው አይነቃም። ስለዚህ «እኔ መዥገር ነክሶኝ አያውቅም» የሚል ሰው ተነክሶ ሊሆን ይችላል። ይህ መዥገር ምግብ ሳያገኝ ለዓመታት መቆየት ስለሚችል፣ ለረጅም ጊዜ ሰው ያልኖረበት የጭቃ ቤትም ከሥጋት ነጻ አይደለም።

በሽታው ከመካከለኛው ታንዛኒያ እስከ ምሥራቅ ኮንጎ ድረስ ሲታወቅ የኖረ ነው። ጆሴፍ ዳተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ኮንጎ ውስጥ ይህንኑ በሽታ ሲያጠና ራሱ ተይዞ እዚያው ሞተ። ጀርሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ባደረገው ጥናት እናት መዥገር ጀርሙን በእንቁላሏ በኩል ለልጆቿ እንደምታስተላልፍ አሳይቷል። አንዴ ቤት ውስጥ ከገባ በቀላሉ የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በመዥገር የሚመጣው ግርሻ ካልታከመ ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ነፍሰ ጡሮችንና አራስ ሕፃናትን ነው። ፅንስ ሊያስወርድ፣ ያለ ጊዜው ሊያስወልድ ይችላል፤ ከእናትም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ትኩሳት ከያዛት «እስቲ ነገ ይታያል» የሚባል ነገር አይኑር። በዚያው ቀን ትሂድ።

ከአገር ቤት የምናውቀው የቅማል ግርሻ

ሁለተኛው ዓይነት ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። «ተስቦና ግርሻ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ሁለቱም ከልብስ ቅማል የሚመጡ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሰው ሲጨናነቅ፣ ልብስ መቀየሪያና ውኃ ሲጠፋ ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው ሠራዊት ወታደሮችና ተፈናቃዮች በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ግርሻ ተነሥቶ ብዙ ሰው አጥቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ደግሞ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው ምድር ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግረው ጣሊያን፣ ጀርመንና ሆላንድ በደረሱ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ወጣቶች ላይ ተገኘ። የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት አይተውት የማያውቁት በሽታ ስለነበር መጀመሪያ ወባ መስሏቸው የነበሩም አሉ።

እንግዲህ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ቅማል የድህነትና የመጨናነቅ ውጤት እንጂ የሰው ጠባይ ጉድለት አይደለም። በመንገድ ላይ በእስር ቤት፣ በመኪና ጭነት፣ በመጋዘን ውስጥ ለሳምንታት ልብስ ሳይቀይር የመጣ ወንድማችን ወይም እህታችን «ቅማል ነበረብኝ» ብሎ ለነርሷ መናገር አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

የቅማሉ ግርሻ የሚተላለፈው በአብዛኛው ቅማሉ ሲፈርጥ ነው። ሰውዬው ሲያክ ቅማሉን ይደፈጥጠውና ፈሳሹ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መጨፍለቅ ይቅር። መፍትሔው ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀል ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። በተለይ ስፌቱና እጥፋቱ መታየት አለበት፣ ቅማሉ የሚደበቀው እዚያ ነውና።

ምልክቱ ድንገት ይጀምራል። ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የሚፈነክት ራስ ምታት፣ የእግርና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ማስመለስ ይኖራል። አንዳንዱ ከግራ የጎድን አጥንቱ ሥር ያመዋል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ነስር ይነስረዋል። የቅማሉ ግርሻ ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ከታከመ ግን ይህ ቁጥር ወደ 2 እና 5 ይወርዳል። ልዩነቱን ተመልከቱ። መድኃኒቱም ውድ ወይም ብርቅ አይደለም።

ጥቁሩ ቅርፊትና ንፍፊቱ

አሁን ወደ ከብቱ መዥገር እንመለስ። ፍየልና በግ የሚጠብቁ፣ ከብት የሚነዱ፣ እንጨት ለቀማ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ሌላ በሽታ አለ። የአፍሪካ መዥገር ትኩሳት ይባላል። ከንክሻው ሳምንት ያህል ቆይቶ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይመጣል። ዋናው መለያው ግን ቆዳ ላይ ነው። የተነከሰው ቦታ መሀሉ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ በሲጋራ የተተኮሰ የሚመስል ቅርፊት ይሠራል። አንዳንዴ ከአንድ በላይ ይሆናል። በአቅራቢያው ንፍፊት ያብጣል፤ እግሩ ላይ የተነከሰ ሰው ጉያው፣ እጁ ላይ የተነከሰ ብብቱ ያብጥበታል።

ይህ ቅርፊት አያምም፤ ስለዚህ ሰው አያስተውለውም። ብዙ ጊዜም ልብስ በሚሸፍነው ቦታ ስለሚሆን ሐኪሙም ካልተነገረው ላያየው ይችላል። ትኩሳት የያዘውን ሰው ገላውን ፈትሹ። ከጉልበት በስተጀርባ፣ ጉያ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ ወገብ ላይ፣ ለልጆች ደግሞ ከጆሮ ጀርባና ፀጉር ውስጥ እዩ። ቅርፊት ካገኛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። አፍራችሁ አትሸፍኑት።

ደም የሚያስፈስስ ትኩሳት ከመጣ

ሌላው ከመዥገር የሚመጣ ግን እጅግ ብርቱ በሽታ የክራይሚያ-ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ነው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደጋግሞ ታይቷል፤ በሱዳንና በኬንያም ተገኝቷል። ከመዥገር ንክሻ ሌላ በእርድ ጊዜ ከእንስሳ ደም ይይዛል። ከታመመ ሰው ደምም ወደ አስታማሚው ይተላለፋል። አስቸጋሪው ነገር እንስሳው ጤነኛ ሆኖ መታየቱ ነው።

ስለዚህ ለበዓልም ለሰርግም በግ፣ ፍየል ወይም ከብት የምታርዱ ወንድሞች በእጃችሁ ቁስል ካለ አትረዱ። ጓንት ካልተገኘ ንጹሕ ፌስታል በእጃችሁ አጥልቁ። ደም ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። ከቆዳው ላይ መዥገር በጣት እየነቀላችሁ አትጨፍልቁ። ትኩሳት ያለበት ሰው ከድድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከሆድ ደም ከፈሰሰው፣ ወይም ቆዳው ላይ የደም ነጠብጣብ ከወጣ፣ ደሙን በባዶ እጅ ሳትነኩ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። አስፕሪን አትስጡት፣ መድማቱን ያባብሳልና።

ክሊኒክ ስንደርስ ምን እንበል?

ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙ የሚያገኘን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቋንቋውም የኛ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ እነዚህን ነገሮች አስበን እንሂድ፤ አስተርጓሚ ካለም አስቀድመን እንንገረው።

1. ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ የተወበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። «ሲመላለስ ነው» የሚለው ቃል ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው።

2. ባለፉት ሦስት ሳምንታት የት አደርን? የጭቃ ቤት መሬት ላይ፣ እስር ቤት፣ በረት አጠገብ፣ በመንገድ ላይ?

3. መዥገር ነቅለናል ወይ? ቅማል ነበረብን ወይ? ከብት አርደናል ወይ?

4. የወሰድነው መድኃኒት ሁሉ። የጎረቤት ክኒንም ቢሆን ይነገር።

5. ሴት ከሆነች እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ።

የወባ ምርመራው «የለም» ካለና ትኩሳቱ ተመላላሽ ከሆነ፣ «ደሜ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ፣ ግርሻ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በትሕትና ጠይቁ። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ የሚያስበው ወባን ስለሆነ የናንተ ቃል ሊያስታውሰው ይችላል።

መድኃኒቱና አስፈሪው ማንቀጥቀጥ

ግርሻም ሆነ የአፍሪካ መዥገር ትኩሳት የሚታከሙት በተለመዱ የጀርም መድኃኒቶች ነው። ዋናው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ቴትራሳይክሊንም ይሰጣል። ግርሻ ለያዛቸው ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ሐኪሙ እንደ ኤሪትሮማይሲን ወይም ፔኒሲሊን ያለ ሌላ ሊመርጥ ይችላል። ለቅማሉ ግርሻ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ይበቃል። ለመዥገሩ ግርሻ ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢተውም የተሰጠው ሁሉ ማለቅ አለበት። ግማሹን ለሚቀጥለው ጊዜ ማስቀመጥ በሽታውን ማስቀመጥ ነው። ክኒኑን በብዙ ውኃ ዋጡ፣ ወዲያው አትተኙ። ቴትራሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከወተት ጋር አይውሰደው።

አሁን የምንናገረውን ግን አደራ በደንብ ስሙ። ግርሻ የያዘው ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት ከወሰደ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከበፊቱ የባሰ ሊመስል ይችላል። በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ልቡ ይመታል፣ ቀጥሎ ያልበዋል፤ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ ጀርሞቹን ባንድ ጊዜ ሲገድላቸው የነሱ ስብርባሪ በደም ውስጥ ስለሚበተን ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል እንጂ መርዝ መሆኑን አያሳይም። ሆኖም ቤት ውስጥ ብቻውን ለተኛ ሰው አደገኛ ነው።

በቅርቡ ከጎረቤት አገር የመጣ አንድ ወጣት ያጋጠመውን አጫውቶናል። በመንገድ ላይ ብዙ ሰው በታጎረበት ቦታ ሳምንታት ቆይቶ ነው የመጣው። እዚህ ከደረሰ በኋላ ትኩሳቱ ሁለቴ ሄዶ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ግርሻ ተገኘበት። ክኒኑን በዋጠ በሁለተኛው ሰዓት ማንቀጥቀጥ ጀመረው። አብሮት የነበረው ጓደኛው «ኧረ ሊገድሉህ ነው፣ ተነሥ እንሂድ» ብሎት ሊያወጣው ነበር። ነርሷ ግን አልለቅም ብላ ግሉኮስ ሰቅላለት እስከ ንጋት ስትከታተለው አደረች። ጠዋት ትኩሳቱ ለቆት ሻይ ጠየቀ። ያን ሌሊት ወደ ብሎኩ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ማን ግፊቱን ይለካለት ነበር?

ስለዚህ ግርሻ ነው ከተባላችሁ የመጀመሪያውን መድኃኒት ክሊኒክ ውስጥ ውሰዱ፤ ሐኪሙ «እደሩ» ካለ እደሩ። ማንቀጥቀጥ ሲጀምር አትውጡ። ቤተሰብም አታስወጡ። ልጆች የሚጠብቅ ከሌለ ጎረቤት ይያዝላችሁ። ይሄ የኛ የጎረቤቶች ግዴታ ነው።

መዥገር ተጣብቆ ብታገኙ

ላምባ ማፍሰስ፣ ክብሪት መለኮስ፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባት ልማዳችን ነው። አይጠቅምም። መዥገሩ ሲጨነቅ በአፉ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። ወረንጦ ፈልጉ። ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ፣ ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ በኩል ያዙት። ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡት። ወረንጦ ከሌለ ጣታችሁን በጨርቅ ወይም በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙት። ከወጣ በኋላ ቦታውንም እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ቀኑን ያዙ። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ሂዱ። ትኩሳት ሳይኖር ግን «ለጥንቃቄ» ብሎ ክኒን መዋጥ አያስፈልግም።

ቤታችንን እንዴት እንጠብቅ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አቅማችን የሚፈቅደውን እናድርግ። የግድግዳውንና የወለሉን ስንጥቅ በጭቃ እንምረግ፤ ሲሰነጠቅ ደግመን እንምረግ። አልጋ ያለው ከግድግዳ ፈቀቅ ያድርገው። መሬት የሚተኛ ምንጣፉን ጠዋት ጠዋት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያራግፍ። አጎበሩን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር እንጠቅጥቅ። የአይጥ ጉድጓድ እንድፈን፣ መዥገር እዚያም ይደበቃል። ፍየልና ዶሮ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጡ። እንጨት ለቀማ የሚሄዱ ረጅም ልብስ ይልበሱ፣ ሲመለሱም ገላቸውን ይፈትሹ።

ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ሂደት ላይ ላላችሁም አንድ ቃል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታና በአውሮፓም መዥገር አለ። እዚያ የሚያስተላልፈው ላይም የሚባል በሽታ ነው። ከንክሻው ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ይወጣል። በጊዜው ከታከመ በተመሳሳይ መድኃኒት ይድናል። ልጆቻችሁ ሣርና ጫካ ውስጥ ተጫውተው ሲመለሱ ገላቸውን ማየት አትርሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ለአዲስ መጤዎችም ንገሩ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ሦስቱን ንገሯቸው፦ ትኩሳቱ ሲመለስ ዝም አትበሉ፣ ገላችሁ እየተኮሰ ሂዱ፣ መድኃኒቱ ሲያንቀጠቅጥ ከክሊኒክ አትውጡ።